ልብጡ መዶሻ

ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ መሣሪያ የሚሸጠውን ሰውዬ ዛሬም ባየሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። “ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ አታገኚም፣ እህቴ፤ ኦሪጅናል ነው!” ብሎ ሰማያዊ ሳጥን አስታቀፈኝ። መዶሻው፣ ሞረዱ፣ ፒንሳው፣ ሁሉም ያብለጨልጫል። እኔም ሞኟ ተሸክሜው ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እሱን ብቻ ብረግም ግን ውሸታም እሆናለሁ። የሚበጀኝን አስቀድመው የነገሩኝ ሰው ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንኮበር እየሄድኩ ብር ሥራ የምማርባቸው ሽማግሌ አንጥረኛ። “ለጀማሪ ዕቃ ማብዛት ምን ያደርጋል? ሞረድና ጉጠት ከገበያ ግዢ፤ በመዶሻ ግን አትቀልጂ” አሉኝና ከአባታቸው የወረሱትን ትንሽ መዶሻ አወጡ። እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ በርካሽ ሊለቁልኝ ነበር። እጀታው ከመያዝ ብዛት ጠቁሯል።

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ። አባቴ ሙያውን መማሬን እየከበዳቸው ቢታገሱም፣ “የቀጥቃጭ መዶሻ ቤቴ አይገባም!” ብለው ምለዋል። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው ማለታቸው ነው። ሰው እጁ ባመጣው ሙያ ቡዳ ሲባል መስማት ያንገበግበኛል፤ ያም ሆኖ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ሽማግሌውን “ሌላ ጊዜ፣ ጋሼ” አልኳቸው። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የተባለው ለእኔ ነው።

እናቴ ከሞተች ወዲህ የብር የአንገት መስቀሏ ከአባቴ ራስጌ ተሰቅሏል። በየማለዳው ሳይሳለሙት ከቤት አይወጡም። አንድ ቀን ከሚስማሩ ወድቆ አንዱ ክንዱ ጎበጠ። “በይ እንግዲህ፣ ተምሬያለሁ ካልሽ አቅኚው” ብለው ሰጡኝ። እናቴ ትታው የሄደችው ጌጥ እሱ ብቻ ነበር፤ አምነው ስለሰጡኝ ደስታዬን አልችለው አልኩ።

በአዲሱ መዶሻ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደረግሁት። ብር ገር ነው፤ በመዶሻው ፊት ላይ ያለውን ሁሉ ይቀዳል። ሳነሳው፣ እናቴ ስትጸልይ በጣቷ እያሻሸች ያለሰለሰችው ክንድ ፈንጣጣ የወጣበት ፊት መስሏል። መዶሻውን ገልብጬ ባየው ልብጡ ተቀርፎ ሻካራ ብረት ወጥቷል። በንዴት አለቀስኩ።

ሻጩ ዘንድ በረርኩ። “አመታቱን ሳትችዪበት ዕቃውን ምን አድርግ ትዪዋለሽ?” አለኝ። ሳጥኑን ባንኮኒው ላይ ዘረገፍኩለት። መዶሻውንና መስቀሉን ብቻ ይዤ አንኮበር የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሽማግሌው የመዶሻውን ፊት በአውራ ጣታቸው ጥፍር ዳበስ አደረጉት። “መዶሻ በዓይን አይገዛም። ጥፍርሽን ከያዘው ለብር አይሆንም፤ በዚህ ሚስማር ምቺበት” አሉኝ። ከዚያ መስቀሉን ተቀብለው ገለበጡት። ከጀርባው፣ ከግርጌው አጠገብ ሦስት ጥቃቅን ነጥቦች ነበሩ። አይቻቸው አላውቅም።

“ይሄ የአባቴ ሥራ ነው። ነጥቦቹ የእሳቸው ምልክት ናቸው” አሉ ሽማግሌው።

“በየትኛው መዶሻ ሠሩት?”

“ሌላ ጊዜ ባልሽው ነዋ።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡኝም፤ ያንኑ መዶሻ አምጥተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አስደግፈው ክንዱን አቀኑት። ጥልቅ ጥልቁ ጠባሳ አልጠፋ አለ። “ብሞርደው ይጠፋል፤ ግን እናትሽ ያለሰለሰችውም አብሮ ይሄዳል” አሉኝ። ተዉት አልኳቸው። መዶሻውን ገዝቼ ተመለስኩ።

አባቴ ደጃፉ ላይ ጠበቁኝ። መስቀሉን ተሳልመው ጠባሳውን ዳሰሱ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። በርካሽ ዕቃ ያበላሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ማን እንዳቃናውም ነገርኳቸው። ይሄኔ ከቦርሳዬ የወጣውን ጥቁር እጀታ አዩት።

“የቀጥቃጭ መዶሻ ቤቴ አይገባም አላልኩሽም?”

መስቀሉን ገልብጬ ሦስቱን ነጥቦች አሳየኋቸው።

“ይህን መስቀል የሠራው ይኸው መዶሻ ነው፣ አባዬ። በየማለዳው የሚሳለሙት የእሱን ሥራ ነው።”