ካርታው ላይ ያልነበረው ማሳ

ልጅ ሳለሁ አባቴ የልጆች መጽሐፍ በማንበቡ አፍርበት ነበር። አዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር፤ ጸጉሩ ሸብቷል፤ ቡራዩ ወደ ተከራየናት ቤት ሲመለስ ግን ከቦርሳው የሚወጣው ጋዜጣ ሳይሆን፣ በወፍጮ ቤት ጓዳ በኩል አልፋ ሌላ አገር ስለምትገባ ልጅ የሚተርክ፣ ስድስት ቅጽ ያለው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነበር። የዓለም ልጆች የሚሻሙበት ነው አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ መቼ ነው የምታድገው?» ትለው ነበር እናቴ። እሱ ይስቅና ገጹን ይገልጣል።

ያኔ አዲስ አበባን በዙሪያዋ ወዳለው የገበሬ መሬት ያሰፋል በተባለው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ የተነሣበት ጊዜ ነበር። ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ አስፋልቱ ላይ ድንጋይ ተደርድሮ፣ ታክሲ ጠፍቶ፣ የሚቃጠል ጎማ ሽታ በመስኮት እየገባ፣ አባቴም ከሥራ ቀርቶ ቤት ዋለ። አመሻሹ ላይ መብራት ሲጠፋ ሻማ ለኩሰን የከሰል ምድጃውን እንከባለን፤ እሱ በእንግሊዝኛ እያነበበ በአማርኛ ይነግረኛል። ከሩቅ ተኩስ በተሰማ ቁጥር ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር። ያኔ ታሪኩ ስለሞቀ ይመስለኝ ነበር። ሁለት ሦስት ቀን እንደሰማሁ እፍረቴ ጠፋ፤ እንዲያውም ቶሎ አይመሽልኝም ነበር።

የአከራያችን የኦቦ ገመቹ ልጅ ተማሪ ነበር። በዚያው ሰሞን ከጓደኞቹ ጋር ተይዞ ተወሰደ፤ የት እንደታሰረም አልታወቀም። ኦቦ ገመቹ በየጣቢያው ሲጠይቁ ይውሉና፣ ማታ «አካም ኦልታን» ብለው ገብተው ከእኛ ጋር ይቀመጡ ነበር። አባቴ ወንበሩን ለቆላቸው፣ አንዳንዱን በኦሮምኛ እየደገመ ይተርክላቸዋል። ልጃቸውን ለትንሽ ጊዜ የሚያስረሳቸው ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው አንድም ቃል የሰሙ አይመስለኝም፤ ባዶ ቤት መግባት ከብዷቸው ይሆናል።

መጽሐፉ መጀመሪያው ላይ የዚያ አገር ካርታ ነበረው። አንድ ቀን ሥራ ስፈታ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ አስፍቼ ሳልኩት፤ ግን ወንዙን የእኛ ሰፈር ወንዝ አደረግሁት፣ ግቢያችንንም አስገባሁ። ከግቢው ጀርባ፣ የኦቦ ገመቹ የገብስ ማሳ ባለበት፣ የመጽሐፉን ንግሥት ቤተ መንግሥት ሠራሁ። በቀይ እስክሪብቶ ሰፊ መንገድ አስገባሁለትና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት።

ኦቦ ገመቹ ማታ ሲገቡ አዩት። አልተቀመጡም።

«ይሄ ወንዙ ነው» አሉ በጣታቸው እየተከተሉ። «ይሄ ግቢዬ ነው። ማሳዬ የት ገባ?»

«እዚያ ቤተ መንግሥት ነው» አልኳቸው በኩራት።

ወደ አባቴ ዞሩ። «የማርታ አባት፣ ይሄን ከቢሮ ነው ያመጣኸው? እውነቱን ንገረኝ። ልጄ የተወሰደው በዚህ ነው።»

ያን ጊዜ ቤቱን ልቀቁ ቢሉን መሄጃ አልነበረንም። ይህ የገባኝ በኋላ ነው። አባቴ መጽሐፉን አምጥቶ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጠና ሻማውን አስጠጋላቸው።

«ተረት ነው፣ ኦቦ። ከዚህ ገልብጣ ነው። ማርታ ትሙት፣ ሌላ ነገር የለበትም።»

«ተው» አሉት ቀስ ብለው። «በልጅ አይማልም።»

ሁለቱን ካርታዎች እያፈራረቁ ብዙ አዩ። ቁጣቸው በረደ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። «እሺ፣ ተረት ይሁን። ቤተ መንግሥቱ ሳይሠራ እዚያ ማን ነበረ? መጽሐፉ ይናገራል?»

አባቴ ስድስቱንም ቅጽ ጨርሷል። «አይናገርም» አለ።

ደህና እደሩ ብለውን ወጡ። አላስወጡንም፤ ግን ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸው ከደጅ ሆነ፣ ተረት ሊሰሙም አልገቡም። ልጃቸው ከወራት በኋላ ከስቶ ተፈታ። እኔ ካርታውን ቀድጄ ምድጃው ውስጥ ጨምሬዋለሁ፤ ይቅርታ ግን አልጠየቅኳቸውም። ምን ብዬ እንደምጠይቅ አላወቅሁም ነበር።

ዛሬ ስድስቱንም ቅጽ በየዓመቱ እደግማለሁ። ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሽፋኑን አይቶ ፈገግ ቢል ግድ የለኝም፤ ልጅቷ የወፍጮ ቤቱን ጓዳ ስታልፍ ዛሬም ደረቴ ይዘላል፣ የሥራው ድካም ሁሉ ይለቀኛል። የአባቴ ደስታ ምን እንደነበር የገባኝ እሱ ካለፈ በኋላ መሆኑ ይቆጨኛል። ካርታው ጋ ስደርስ ግን ቶሎ አልገልጥም።

ባለፈው ዓመት ከባለቤቴ ጋር ሱሉልታ ቤት ስንገዛ፣ ደላላው የይዞታውን ካርታ መኪናው ላይ ዘርግቶ አሳየን። ስፋቱን ጠየቅሁ፣ ውኃውን ጠየቅሁ፣ መንገዱ በየት እንደሚያልፍ ጠየቅሁ። ቀድሞ ማን ያርሰው እንደነበር ልጠይቅ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ዝም አልኩ። ቤቱን ወድጄው ነበር።