በፍልሰታ የተሠራው የሜክሲኮ ዶሮ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ሐያት ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ «እማማ፣ ይቺን እብድ እዪልኝ!» አለችኝ። ስልኩ ውስጥ አንዲት ሴት የሚንተከተክ ቀይ ወጥ ላይ ቸኮሌት እየሰባበረች ትጨምራለች። ሐያት «ያ ሁሉ ዶሮ ገደል ገባ» ስትል፣ እኔ «አልገባም፤ ገና ሰሊጡ ይቀራታል» አልኳት። ልጅቷ ስልኩን ትታ እኔን ታይ ጀመር።

ነገሩ የደርግ ጊዜ ነው። ማትሪክ ወድቄ፣ አዲሱ ገበያ በነበረው የአባቴ ሱቅ ውስጥ ቅመም እየመዘንኩ ባል እስኪመጣልኝ የምጠብቅ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔ ባል ሳይሆን ሙያ ነበር የምፈልገው። አንድ ቀን ሴኞራ ኤሌና የምትባል የሜክሲኮ ሴት ዛላ በርበሬ ልትገዛ መጣች። ባሏ እዚህ አገር ይሠራል፤ ቤታቸው ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው መንገድ ዳር ነው። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሳዋራት ጊዜ ለወጥ ቤት ሥራ ወሰደችኝ። እናቴን «ሜክሲኮዎች ቤት ልሠራ ነው» ብላት፣ «እንዴ፣ ከሜክሲኮ አደባባይ እዚህ ድረስ ምን አመጣቸው? እዚያ ቤት ጠፋ?» አለች።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን ጋሽ ተክሌ ቀድመውኝ ገብተዋል። በትልልቅ ሆቴልና በጣሊያኖች ቤት ሠላሳ ዓመት ያበሰሉ፣ ረጅም ነጭ ቆባቸውን ለሰከንድ የማያወልቁ ሼፍ ናቸው። ላዛኛ በሉ፣ ሮስቶ በሉ፣ የሚያቅታቸው የለም። የሜክሲኮን የቤት ምግብ ግን አያውቁም። ስለዚህ ሴኞራ ሁለታችንን ጎን ለጎን አቁማ ታስተምረን ጀመር። ሼፉና ማትሪክ የወደቀችው አንድ ክፍል ገባን ማለት ነው።

ሴኞራ አማርኛዋን ከየት እንደለቀመችው እንጃ፣ ወንዱን በሴት፣ ሴቷን በወንድ ትጠራለች። «አንቺ ተክሌ፣ ነይ! አንተ ዘይነባ፣ ሽንኩርት ክተፍ!» ጋሽ ተክሌ ቆባቸውን አስተካክለው «እሺ ሴኞራ» ይሉና፣ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «አንድ ጊዜ ትስቂና ጉድሽ ይፈላል» ይሉኛል።

የመጀመሪያው ጠብ በኖራ መጣ። ለስስ ቂጣቸው በቆሎው በኖራ ውሃ መቀቀል አለበት። ጋሽ ተክሌ «ኖራ የቀበሌ አጥር ይቀባበታል እንጂ የሰው አንጀት አይቀባበትም!» ብለው፣ ሴኞራ ዞር ስትል በባዶ ውሃ ቀቀሉት። ቂጣው ምጣዱ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጠቀ። «የኢትዮጵያ በቆሎ እልኸኛ ነው» ብለው አለፉት። በማግስቱ በኖራው ሲሠራ ቂጣው እንደ መሀረብ ተጣጠፈ። ማንም የማያያቸው ሲመስላቸው አንዱን አንስተው ሲያጣጥፉ፣ ሲዘረጉ፣ ደግሞ ሲያጣጥፉ በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው። ከዚያ ቀን በኋላ እዚያው ወፍጮው ሥር፣ በዚያ ረጅም ቆብ፣ ተንበርክከው በቆሎ ይፈጩ ነበር።

በአንድ ነገር ግን ይበልጡኝ ነበር። እኔ ክርስቲያን ያረደውን ስለማልበላ የሥጋውን ወጥ አልቀምስም። እሳቸው ማንኪያውን እያላሱ፣ «ሳይቀምሱ ማብሰልማ ዓይን ጨፍኖ መርፌ ላይ ክር መክተት ነው» ይሉኛል። እውነታቸውን ስለነበረ ያናድደኛል።

ክረምቱ ገባ፤ የጉለሌ ጭቃ ጫማችንን መንጠቅ ጀመረ። ሴኞራ አንድ ቀን ጭንቅ ብሏት መጣች። አማቷ ከሜክሲኮ ልትመጣ ነው። ለሁለታችንም ቁርጡን ነገረችን፤ ለአንድ ቤት ሁለት ወጥ ሠሪ ስለሚበዛ ከአማቷ ምሳ በኋላ አንዳችንን ታሰናብታለች። ምሳው ደግሞ ሞሌ ነው፤ በበርበሬ፣ በለውዝ፣ በሰሊጥ፣ በዘቢብና በቸኮሌት የሚሠራው የዶሮ ወጥ። እሷ ኤርፖርት ስለምትሄድ እኛው ብቻችንን እንሠራዋለን። ጋሽ ተክሌ መቼም አያሳልፉኝም ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

የምሳው ዋዜማ ግን እግሩ የታሰረ አውራ ዶሮ አምጥተው አስታቀፉኝ።

«ለአባትሽ ውሰጂው፣ አርደው ይስጡሽ።»

«ለምን?»

«ፍልሰታ ገብቷል። እኔ አልቀምስም። አንዳችን መቅመስ አለብን።»

ሥራውን ለእኔ እየሰጡኝ እንደሆነ ገባኝ። በዝናብ ዶሮዬን ታቅፌ ቁልቁል ስወርድ አንድ የቀበሌ ጥበቃ አስቆመኝ። «የማነው ዶሮው?» «የሜክሲኮ ሰዎች።» «ታዲያ የሜክሲኮ ዶሮ እዚህ ምን ይሠራል? ታክሲ ያዢበት እንጂ!» ብሎ አዘነልኝ።

በማግስቱ ወጡ ሲንተከተክ ጋሽ ተክሌ በማንኪያ ቀዱና፣ እፍ እፍ ብለው ዘረጉልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ አልቀመሱም፤ ከንፈራቸው ደርቋል። ቀመስኩ። ለካስ ሞሌ ምን ምን እንደሚል አላውቅም!

«እንዴት ነው?»

«እ... ይጣፍጣል፣ ያቃጥላል፣ ደግሞ ይመራል።»

«እንደ ግራዋ ነው እንደ ቡና?»

«እንደ ቡና።»

«ደግ። ስትውጪው ይሄዳል ወይስ ጉሮሮ ላይ ይቆማል?»

«ይቆማል። አፌን አደንዝዞታል።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ልክ እንደ ሐኪም። «ቅርንፉድ በዝቷል። ቲማቲም ጨምሪ። ጨውስ?» «ይፈልጋል።» «ስንት ጣት?» እንዲህ እየተባባልን፣ እሳቸው እየጠየቁ እኔ እየቀመስኩ፣ ወጡን አደረስነው። እኔም ከምሳው በፊት ጠገብኩ።

አማትየዋ ከትከሻዬ የማታልፍ፣ ዓይኗ ግን ግድግዳ የሚበሳ አሮጊት ነበረች። አንድ ጉርሻ ወሰደች። ሌላ ደገመች። ከዚያ የሆነ ነገር በስፓኒሽ አለች፤ የሴኞራ ፊት ተቀያየረ። በኋላ ስትነግረን፣ «ይሄ ሞሌ አይደለም። ምን እንደሆነ አላውቅም። ጨምሩልኝ» ነበር ያለችው።

ተበልቶ ሲያልቅ ሁለቱም ወጥ ቤት መጡ። ሴኞራ ጋሽ ተክሌን አየቻቸው። «አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

እኔ በጣቴ ወደ እሳቸው፣ እሳቸው በጣታቸው ወደ እኔ ጠቆምን። አሮጊቷ ሳቀች። ጋሽ ተክሌ ቆባቸውን አወለቁና፣ «እኛ ነን» አሉ። መላጣ መሆናቸውን ያን ቀን ነው ያወቅኩት።

ማንም አልተሰናበተም። ሴኞራና ባሏ አገራቸው እስኪገቡ ድረስ አብረን ሠራን፤ በጾም የእኔን ምላስ፣ በፍስክ የእሳቸውን እያፈራረቅን። እኔም በዚያው ሙያ ልጆች አሳደግኩ።

አሁን ዕድሜዬ ጋሽ ተክሌ ያን ጊዜ ከነበሩበት አልፏል። ሠላሳ ዓመት ያካበተውን ሙያ በአንዲት ልጅ አፍ ላይ ጥሎ፣ «ምን ጎደለው?» ብሎ መልስ መጠበቅ ለሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያኔ አልገባኝም ነበር። አሁን ምላሴ ደክሟል፤ ጨው አይለይልኝም። ስለዚህ ማንኪያውን ለምራቴ እዘረጋላታለሁ። መልሷን ሳልሰማ ግን ጨው እጨምራለሁ።