አባባ እና የቅዳሜው ጨዋታ

አባቴን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ቤት እያሉ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ። እጃቸውን ልታሠራ ቤት የምትመጣው ባለሙያ «የቴሌቪዥን ጌም አላችሁ?» ስትለኝ የምትቀልድ መሰለኝ። እዚያው አቅራቢያችን አሌክሳንድሪያ የምትኖረው እህቴ ምድር ቤት ውስጥ፣ ልጆቿ የተዉት አንድ የጃፓን ጌም ነበር፤ መቆጣጠሪያውን ይዘው እጅዎን ሲያወዛውዙ ቴሌቪዥኑ ውስጥ የቦውሊንግ ኳስ የሚንከባለልበት።

ቅዳሜ ዕለት እህቴ ጌሙንም፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጇንም ይዛ መጣች። ልጅቷ መቆጣጠሪያውን የአባባ እጅ ላይ አሰረችላቸው።

«ኳሱ የታለ?» አሉ።

«ኳስ የለውም አባባ። እጅዎን ብቻ ያወዛውዙ» አልኳቸው።

«የሌለ ኳስ ልወረውር?» ብለው ሳቁ። ከታመሙ ወዲህ ሲስቁ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው።

ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። አባባ ደግሞ እንግሊዝኛ አያውቁም። ሲጫወቱ ግን ይግባባሉ። ስታሸንፍ «በርቺ የኔ ልጅ!» ይሏታል፤ ስትስት ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ሳቃቸውን ይደብቃሉ። ትምህርት ቤት የተዘጋበትን ሰመር ሙሉ እንዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ተጫወቱ። አባባ ማንኪያ መያዝ ጀመሩ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ልጅቷን የእግር ኳስ ልምምድ ያዛት። አንድ ቅዳሜ ቀረች፤ ከዚያ ጭራሽ መምጣት ተወች። አባባ ግን ቁርስ በልተው፣ ሸሚዝ አስለብሺኝ ብለው፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ።

«ከእኔ ጋር ይጫወቱ» አልኳቸው።

«አንቺ ታዝኚልኛለሽ። እሷ ግን ልታሸንፈኝ ነው የምትጫወተው።»

ለእህቴ ልደውል ስልኬን ሳነሳ በደህናው እጃቸው ያዙኝ።

«ልጅቷን አታስጨንቋት። ከእኩዮቿ ጋር ትጫወት። ይጠብቅሻል ብለሽ እንዳትነግሪያት፣ በሞቴ!»

እጃቸው ተመልሶ ደረቀ። ማጉረስ ጀመርኩ። ብርዱ ሳይወጣ ሁለተኛው ስትሮክ መጥቶ ወሰዳቸው።

ለቅሶው ላይ ልጅቷ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆመች። ጌሙ እንደተሰካ ነበር።

«እኔ ከቀረሁ በኋላ ማን ይጫወትበት ነበር?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ።

«ማንም። ቅዳሜ ቅዳሜ አንቺን ይጠብቁ ነበር።»

«ለምን አልነገራችሁኝም?»

«እንዳንነግርሽ በሞቴ ብለውኝ ነው።»

ኮቷን ሳትደርብ ወጣች። እህቴ ተከተለቻት። በመስኮት ሳይ፣ እህቴ ፓርኪንጉ ውስጥ ነጠላዋን አውልቃ ልጇን ታለብሳታለች። ወደ ቤት ልትመልሳት እጇን ብትስባት፣ ልጅቷ አልገባም አለች።