የሸዋነሽ ግድግዳ ዓሦች

ሠዓሊ ውቤ በሕይወቱ አንዴ ብቻ ዋሸ ብል ውሸታሙ እኔ እሆናለሁ። ጉድ ያደረገው ውሸት ግን አንድ ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት ግድም ወይዘሮ ሸዋነሽ ደባርቅ ላይ ምግብ ቤት ስትከፍት፣ "ባሕር አይተህ ታውቃለህ?" ብላ ጠየቀችው። "እንዴታ፤ ስንቴ" አላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ውቤ ከደረስጌ እስከ ዳባት የአድባራትን ግድግዳ ሲስል የኖረ፣ አርባውን ያለፈ ወንደላጤ ነበር። በዓይኑ ካየው ውኃ ሁሉ ሰፊው በክረምት የሞላ ወንዝ ነው። የሣለውም ባሕር አንድ ብቻ ሲሆን እሱም ፈርዖን ከነሠራዊቱ የሰጠመበት ነው። ሸዋነሽ ደግሞ ምጽዋ ላይ ሰባት ዓመት ወጥ ስትሠራ ኖራ፣ ባሏ ሲሞትባት ወደ ዘመዶቿ የተመለሰች ሴት ናት። የደባርቅ ብርድ አጥንቷ ድረስ ሲገባ ያ ሙቅ ባሕር ይናፍቃታል። "ግድግዳዬ ላይ ሣልልኝ" አለችው። ውቤ ሥዕሉ ካማራት ሽማግሌ ሊልክባት በልቡ ቆርጦ ነበርና እሺ አለ።

በውኃው ብዙም አልተቸገረም፤ የፈርዖንን ባሕር ያለ ፈርዖን ሣለው። ጭንቁ የመጣው በዓሦቹ ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ይሁዳና ሰይጣን ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን። ውቤ ይህን ሕግ ሃያ ዓመት ሙሉ አንዴም አልጣሰውም። ታዲያ ዓሣ ምን አጥፍታ ነው ከይሁዳ ጋር የምትቆጠረው? አርባ ሦስት ዓሣ ሣለ፤ አርባ ሦስቱም ሁለት ዓይናቸውን በልጥጠው ተመጋቢው ላይ አፈጠጡ።

ጉድ ፈላ። ረቡዕ ቀን "መንገደኛ ነኝ" ብሎ ጥብስ ሊያዝ የገባ ሾፌር ቀና ይልና ያያቸዋል፤ ወዲያው "ሽሮ ይሁንልኝ" ይላል። ሊማሊሞን መውረድ የፈሩት ደግሞ ዓሦቹን ተሳልመው መሄድ ጀመሩ። አንዱማ ተስሎ ኖሮ ከአሥመራ በሰላም ሲመለስ ጧፍ ይዞ መጣ።

ሸዋነሽ ውቤን አስጠራችው። "ሰባት ዓመት ምጽዋ ስኖር እንዲህ የሚያፈጥ ዓሣ አላየሁም። ዓሣ ሲዋኝ የሚታየው በጎኑ ነው። አዙርልኝ።"

"እሱንስ አይዘዙኝ፤ ኃጢአተኛ ይሆናሉ።"

"እነማን?"

"ዓሦቹ።"

"ውቤ፣ ለመሆኑ እውነት ባሕር አይተሃል?"

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፤ ውቤ አንገቱን ደፍቶ እውነቱን ተናገረ። ሸዋነሽ አልሳቀችም። "እስከ እሑድ ካላዞርካቸው በኖራ አስለቅልቃቸዋለሁ። አንተም ከዚያ ወዲያ እዚህ ቤት ሥራ የለህም" አለችው። ውቤን ያደቀቀው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሁለት ቀን እህል ሳይቀምስ ከረመና ወደ ነፍስ አባቱ ወደ ቄስ ሀብተ ሚካኤል ሄደ።

"አባቴ፣ አርባ ሦስት ነፍስ ልኮንን ነው።"

ቄሱ ደንግጠው መቋሚያቸውን ጨበጡ። ነገሩን አስረድቷቸው ሲጨርስ ግን ጢማቸውን ዳሰሱ። "ልጄ፣ ዓሣ የጥፋት ውኃን እንኳ ያለ መርከብ አልፋለች፤ ያንተን ብሩሽም ታልፈዋለች። ብቻ ለእያንዳንዷ አንዳንድ ስግደት ስገድ።"

ዓርብ ጠዋት ውቤ መሰላሉን ተሸክሞ ገባ። አንዷን ዓሣ ያዞርና ወርዶ ይሰግዳል፤ ተነሥቶ ደግሞ ይወጣል። ተመጋቢው ምግቡን ትቶ ይቆጥርለት ጀመር። አርባ ሁለት ላይ ብሩሹን አስቀመጠ።

ሸዋነሽ ከጓዳ ወጥታ ግድግዳውን አየች። ባሕሩ አሁን ባሕር መስሏል። ደስ አላት። መካከል ላይ ግን አንዲት ዓሣ ሁለት ዓይኗን ከፍታ ቀጥ ብላ ታያታለች።

"ይቺስ?"

"ይቺን አልችልም።" ውቤ መሰላሉን ተደገፈ። "ይቺ እርስዎ ነዎት።"

ሸዋነሽ ቀረብ ብላ ዓሣዋን ደግማ አየቻት።

"አፏ ሰፍቷል" አለች። "ሽማግሌ ከመላክህ በፊት አስተካክለው።"