ከቁምጣው ሥር ያለው ቀሚስ

ወረታ ከተማ ባለው ቤቴ ውስጥ የልጅ ልጄ ሣጥን ስትከፍት የዘይት ቀለም ሸተተኝ። ለስፖርት መጽሔት ሽፋን የተሣለው ሥዕል ነው፤ ከታተመ በኋላ ሠዓሊው ለአያቴ ልኮት ነበር።

ልጅ ሳለሁ ቁሐር ሚካኤል ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ሲደረግ ከወንዶቹ አንድ ሰው ቢጎድል ገባሁ፤ የእንጨት ኳሷን፣ ጥንጓን፣ ስመታት አሸነፍን። ጨዋታውን ሊሥል የመጣው የመጽሔቱ ሠዓሊ እኔን ሣለ። አባቴ ግን «ሴት ልጅ መጽሔት ላይ?» ብሎ ሥዕሉ ላይ ቀሚሴን በቁምጣ አስሸፈነው።

«የመታሁት እኔ ነኝ» ብዬ አለቀስኩ።

አያቴ «ፊቱ ያንቺ ነው፤ የሚያውቅ ያውቃል» አሉኝ።

መጽሔቱ ሲመጣ ሰው ሁሉ የተሣለው መልኩ እኔን የሚመስለው ወንድሜ መስሎት እሱን አሞገሰው። እሱም ዝም ብሎ ተሞገሰ።

አሁን ቀለሙ ተሰነጣጥቆ የቀሚሴ ጥለት ብቅ ብሏል።

«ቁምጣውን ልፋቀው፣ እምዬ?» አለች የልጅ ልጄ።

«ቆዪ፣ መጀመሪያ ወንድሜን ጥሪልኝ» አልኳት።