የውሰት የሕይወት ታሪክ

ቢያዝን የሚባለው ጸሐፊ ሲቆጣ ያየ ሰው ይስቃል እንጂ አይፈራም። ባሕር ዳር፣ ወደ ጣና በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የምትንቋቋ ፎቶ ኮፒ ማሽን ይዞ የተቀመጠ ወፍራም ሰው ነው። የኪራይ ውል ይሁን የማኅበር ደንብ፣ ሰው ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ያመጣለታል። ፎቶውን ከምስል ላይ ፊደል ለሚያነብ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሰጠዋል፤ ፕሮግራሙም እንደምንም አንብቦ ወርድ በሚባለው መጻፊያ ላይ ይዘረግፈዋል፤ መስመሩን እየበጣጠሰ፣ አራት ነጥቡን እየበላ። ያን ቢያዝን እያጉረመረመ ይለቅማል። ከዚያ በኋላ እንደ ልብ የሚታረም ጽሑፍ ይሆናል።

የሚያንገበግበው ግን አንድ ነገር ነው። ሰው ሲሞት በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪክ ይነበብ የለ? ሐዘንተኛው ተጣድፎ ይመጣና፣ ለሌላ ሟች የተነበበውን በስልኩ እያሳየ፣ ይኸን ወደ ወርድ ገልብጥና ስሙን ቀይርልን ይለዋል። ስሙን ብቻ! ያኔ የቢያዝን ደም ይፈላል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ለፍቶ በጎረቤቱ ታሪክ ይቀበራል ወይ እያለ፣ ሲጠይቅ፣ ሲያስለቅስ፣ አብሮም ሲያለቅስ ቆይቶ አዲስ ጽፎ ይሰጣል። በዚያ ቀን ምሳ የሚባል ነገር የለም፤ ሚስቱ ሰብለ ወንጌልም ተስፋ ከቆረጠች ቆየች።

ባለፈው ዐቢይ ጾም አንድ ረፋድ ላይ ጋሽ አዘዘ መጡ። ወደ ደቅ ደሴትና ወደ ጎርጎራ ጀልባ የሚነዱ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው እማማ እናትዓለም ሌሊት አርፈዋል፤ ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነው። ስልካቸውን ዘረጉ። ፎቶው የአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ሰውየው ተምረዋል፣ ተሹመዋል፣ ተሸልመዋል።

«ስሙን ቀይርና ሴት አድርገው» አሉት።

ቢያዝን ገለበጠው። ግን አልሆንልህ አለው፤ የእማማን የራሳቸውን ታሪክ ብንጽፍ ምናለ ብሎ ለመናቸው። ጋሽ አዘዘ መሬት መሬት እያዩ፣ እሷ ምን ታሪክ አላት፣ ቤት ውስጥ ነው የኖረች፤ ሁለት መስመር አስነብቤ በሰው ፊት አላዋርዳትም አሉ። የሳቸው ጭንቀት ይኸ ነበር። የቢያዝን ደግሞ እማማ እናትዓለም በማያውቁት ሰው ሹመትና ሽልማት ተሸፍነው አፈር ሊገቡ መሆኑ ነው።

እናም ማጥፋት ጀመረ። ዲፕሎማ አላቸው ወይ? የላትም። አጠፋው። የመምሪያ ኃላፊ ነበሩ? ጋሽ አዘዘ በዚያ ሐዘን ውስጥ ሳቅ ሊያመልጣቸው ጥቂት ቀረ። አጠፋው። በየመሐሉ ደግሞ ቀስ አድርጎ ያናግራቸዋል፤ የእንፍራንዝ ልጅ እንደሆነች፣ ውኃ ስለምትፈራ አንድ ቀን እንኳ ጀልባቸው ላይ እንዳልወጣች፣ ማዕበል ሲነሣ ግን ነጠላዋን ተከናንባ ወደቡ ላይ እንደምትቆም፣ እሳቸው በደኅና ሲደርሱ ምንም ሳትናገር ቀድማቸው ወደ ቤት እንደምትሄድ ነገሩት። ቢያዝን እንባውን በእጅጌው እየጠረገ ይጽፋል። ሆደ ቡቡ ነው፤ ምን ያድርግ።

ከሰውየው ታሪክ የቀረው የመጨረሻው መስመር ብቻ ነበር። «በተመደቡበት የሥራ ቦታ ሁሉ በቅንነትና በታማኝነት አገልግለዋል» ይላል። በየቀብሩ የሚነበብ፣ ቢያዝን ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው መስመር ነው። ሊያጠፋው ጣቱን ሲሰድ ጋሽ አዘዘ እጁን ያዙት።

«እሱን ተወው፣ ልጄ። እሱስ እሷ ናት።»

ቢያዝን ግራ ገባው። የትኛው የሥራ ቦታ ሊባል ነው ብሎ፣ ቅር እንዳያሰኛቸው እየፈራ ጠየቃቸው።

«እኔ ነበርሁ የሥራ ቦታዋ» አሉ። «እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳልላት ሄደች።»

ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ ታሪኩ ሲነበብ፣ ስለ ማዕበሉና ስለ ወደቡ የሰማ ሁሉ ተንሰቀሰቀ። የመጨረሻው መስመር ሲደርስ ግን ሰው የለመደው ነገር ስለሆነ ነጠላውን ማስተካከል፣ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመረ። ጋሽ አዘዘ ድምፅ አውጥተው ያለቀሱት ያን ጊዜ ነው። ከኋላ የቆመው ቢያዝንም አብሯቸው አለቀሰ።