የሰዓት ሠሪው መናኝ ዓሣ

ሰዓት ሠሪውን ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራው «ባለ ሁለት ቁልፉ» እያለ ነው። ሱቁን ሲዘጋ አንድ ቁልፍ አይበቃውማ! አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ቆልፎ፣ ሦስት እርምጃ ሄዶ፣ ተመልሶ ሁለቱንም ይጎትታቸዋል። ፊት ለፊቱ ያለው ፀጉር አስተካካይ «ይሄ ሰውዬ የገዛ ጥላውን ዞር ብሎ መታወቂያ የሚጠይቅ ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እጁም ወርቅ ነው፤ ሌላውን ያቃተውን ሰዓት እሱ በወረንጦ ነካ ነካ አድርጎ ያስነሳዋል። ማመን ላይ ነው ችግሩ።

ከሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሙ ሞተና የወንድሙ ሚስት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት። «ጋሼ፣ ከሱቅህ የጓሮውን በኩል ግማሽ ልቀቅልኝ፣ ማሽኔን ላስገባ» አለችው። እምቢ እንዳይል የወንድሙ ሚስት ናት። እሺ እንዳይል ደግሞ ሰው ናት! ጠረጴዛው ላይ የሰው ሰዓት ተበትኖ ይውላል፤ የጉንዳን ጥርስ የምታህል ዕቃ ብትጠፋ ማንን ይይዛል? መጋረጃ ልስቀል አለ፤ መጋረጃ ይገለጣል። ሳንቃ ልምታ አለ፤ ሳንቃ በምስማር ይበሳል፣ በቀዳዳው ያዩታል። መጨረሻ ላይ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ትልቅ የዓሣ ገንዳ ገዝቶ ሱቁ መሀል ገተረው! ከልጅነቱ ዓሣ ማየት ይወድ ነበር፤ ውሃ ደግሞ አይገለጥም። ግን መስታወት ያሳያል እኮ። ስለዚህ ገንዳው ውስጥ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አቆመ። እሷ የእሱን ጠረጴዛ አታይም፤ እሱም ከድንጋዩ ጀርባ ያለውን አያይም። ይህቺን ያዙልኝ።

የዓሣ ምርጫው የጉድ ነበር። ዓሣ ሻጩ እስከዛሬ እየሳቀ ያወራዋል። መጀመሪያ ኤንጅል የሚባሉ ሁለት መረጠ፤ ጎናቸው እንደ ሳህን ጠፍጣፋ፣ ክንፋቸው እንደ ሻሽ ጫፍ የሚንሳፈፍ፣ ዝግ ያሉ ዓሣዎች ናቸው። ከዚያ «ከእነሱ ጋር ማን ይኖራል?» ብሎ ምርመራውን ጀመረ።

«ያቺ የምታበራው ትንሿስ?»

«ትዋጣለች። አፍ ውስጥ የሚገባ ሁሉ ቀለብ ነው።»

«ይሄ እንደ ነብር የተሰነተረውስ?»

«እሱ ክንፍ ይነክሳል። ረጅም ክንፍ ካየ እጁ አያርፍም።»

«ዓሣ እጅ አለው እንዴ?»

«አባባል ነው አባቴ!»

«እነዚህ ጢማሞቹስ?»

«እነሱ ታች አሸዋ ላይ ነው ኑሯቸው፣ ማንንም አይነኩም። አምስት ስድስት ሆነው ሲኖሩ ደስ ይላቸዋል።»

«የውሃ ሙቀታቸው ከኤንጅሎቹ ጋር አንድ ነው? ዋስ ትሆናለህ?»

«አባቴ፣ ዓሣ ነው የምትገዛው ወይስ ልጅህን ልትድር ነው?»

ጢማሞቹ አለፉ። ሊወጣ ሲል መስታወት ላይ በአፏ የተለጠፈች አውራ ጣት የማታህል ወርቃማ ዓሣ አየ። ሻጩ «ይሄ መስታወት ላይ የሚበቅለውን አረንጓዴ ይልሳል፣ ገንዳህን ያጸዳልሃል፣ ቀና ብሎ ማንንም አያይም» አለው። የሰውዬው ልብ ቀለጠ። ሥጋ አይል፣ ጥል አይል፣ ጥጉን ይዞ መላስ ብቻ! «መናኙ» ብሎ ስም አወጣለት። በዕድሜው ሳይጠረጥር ያመነው ፍጡር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ግን ያን ሁሉ ሲጠይቅ አንዷን ጥያቄ ረስቷት ነበር።

ዓመት ከመንፈቅ ሰላም ሆነ። ኤንጅሎቹ አደጉ፣ መናኙም ከድንጋዩ ጀርባ ገብቶ ብዙም አይታይም። አንድ ጠዋት ግን ባለ ሁለት ቁልፉ ምግብ ሲበትን አንደኛዋ ኤንጅል ጎኗ ላይ ክብ ቁስል አየ። የሰዓት መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቶ መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ቅርፊቷ ተልጧል። በሳምንቱ ሌላኛዋም ላይ ሁለት ክብ። ውሃውን ጠረጠረ፣ ቀየረው። ጢማሞቹን ጠረጠረ፣ ለሦስት ቀን ባልዲ ውስጥ አሰራቸው። ቁስሉ ጨመረ። ከዚያ ዓይኑ ቀስ ብሎ ወደ ገንዳው ማዶ ዞረ። መርፌ ያላት ማን ናት? መቀስ፣ ጠመኔ፣ የማሽን ዘይት፣ እንፋሎት የሚተፋ ካውያ ያላት ማን ናት?

እሷ ነግራዋለች እኮ። «ጋሼ፣ ያ መናኝህ ይልሳቸዋል። በዓይኔ አይቻለሁ።»

እሱ ግን በልቡ «አየህ! አፍ በሌለው ታላክካለች» አለ። ደግማ ስትነግረው ጥርጣሬው ባሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትነግረው ጥፋተኛዋ እሷ ናት ብሎ ደመደመ።

ሰኞ ዕለት አንደኛዋ ኤንጅል ሞታ ተንሳፈፈች። ውሃው ላይ ደግሞ ሰማያዊ የጠመኔ ብናኝ ነበር። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

«እስከ ቅዳሜ ሌላ ቦታ ፈልጊ» አላት፣ ፊቷን ሳያይ።

ማሽኑ ቆመ። ሁለት ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለው የኖረች ሴትዮ «እርስዎ እንዳሉ» አለች። በቃ። ከዚህች ግማሽ ክፍል ሌላ ማሽኗን የምታሳርፍበት እንደሌላት ግን እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

ሐሙስ የታክሲ ማቆሚያው ጋ ባዶ ክፍል አለ ብለዋት ልታይ ወጣች። የጫማዋ ድምፅ እስኪርቅ ጠብቆ ዘሎ ተነሳ። ከመቸኮሉ የተነሳ በር መቆለፉን ረሳ፤ አስቡት፣ እሱ! ወደ እሷ በኩል ዞሮ መሳቢያዋን መበርበር ጀመረ። የመጀመሪያው፣ ክርና አዝራር። ሁለተኛው፣ ሜትርና ጠመኔ። ሦስተኛው ውስጥ የታሰረ ላስቲክ አገኘ። ፈታው። ስስ ስስ ተደርጎ የተከተፈ፣ በፈላ ውሃ የለሰለሰ ኪያር! አንዱ ቁራጭ እንዳይንሳፈፍ ይመስላል በክር ጠጠር ታስሮበታል።

«ያዝኳት!» አለ። «ውሃዬ ውስጥ የምትጨምረው ይሄን ነው!» አሸተተው። ኪያር፣ ኪያር ብቻ ይሸታል። መርዙ የማይሸት ይሆናል ብሎ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለ።

ቀና ሲል ገንዳው ፊቱ ነው። በዚህ በኩል አይቶት አያውቅም። ከድንጋዩ ጀርባ የተረፈችው ኤንጅል አለች፤ ጎኗ ላይ ደግሞ ስንዝር የሚያህል፣ የወፈረ፣ ወርቃማ ነገር ተለጥፏል። መናኙ! ያቺ አውራ ጣት የማታህል ልጅ ጎረምሳ ሆናለች። አፉን ጎኗ ላይ ደፍቶ ይጠባል። እሷ ትወራጫለች፣ ትዞራለች፣ እሱ አይለቅም። ከድንጋዩ ጀርባ ወጥታ ወደ ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛ በኩል ስትቀዝፍ ለቀቃትና ጥላው ውስጥ ቁጭ አለ። ልክ ማንም እንደማያውቅበት ሌባ! ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይሉ የለ?

«ምን ጠፋብዎት?»

ዞር ሲል በሩ ላይ ቆማለች። ሦስት መሳቢያ ተከፍቷል፣ ኪያሩ እጁ ላይ ነው።

«ይሄ ኪያር ምንድን ነው?» አለ። መቼም ጥፋተኛ ቀድሞ ይጠይቃል።

«የመናኝዎ ቁርስ፤ ጠመኔ በነካ እጄ ስጨምርለት ነው የከረምኩት። ከጠገበ ይተዋቸዋል ብዬ ነበር። አልተዋቸውም።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሦስቴ! በሦስተኛው ዓይንዎን ሲያጉረጠርጡብኝ እኔም ተውኩት።»

ሰውዬው ኪያሩን አየ፣ ገንዳውን አየ። «ተንኮል መስሎኝ ነው» አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

«ዓሣ ላይ ተንኮል ሠርቼ ምን ልሸለም ነው?»

ሰውዬው ሄዶ የዓሣ መረቡን አመጣ። ድፍን ግማሽ ሰዓት ከዓሣው ጋር ተጋደሉ፣ እሷ በዚያ፣ እሱ በዚህ፤ «መጣልዎ!» «የታል?» «ድንጋዩ ሥር ገባ!» እየተባባሉ። ሲያዝ ባለ ሁለት ቁልፉ እስከ ብብቱ ርሶ ነበር። መናኙ ባልዲ ገባ።

«ክፍሉን አገኘሽ?» አላት እጁን እየጠረገ።

«አገኘሁ። ነገ መልስ ስጪ ብለውኛል።»

«መስኮት አለው?»

«ሁለት። እዚህማ ያንተ ድንጋይ ብርሃኔን ከልክሎኝ መርፌ ማየት አቅቶኝ ነው የኖርኩት።» «ያንተ» ያለችው አምልጧት ይሁን አውቃ እንጃ።

እሱ እጅጌውን እንደገና ጠቅልሎ፣ እስከ ትከሻው ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ያን ድንጋይ አቅፎ አወጣውና ከበሩ ውጭ ወርውሮ «ነገ ክፍሉን አልፈልግም በያቸው» አለ።

አርብ መናኙን በባልዲ ይዞ ዓሣ ሻጩ ጋ ሄደ። «ቀና ብሎ ማንንም አያይም አላልከኝም?»

«በልጅነቱ ሰላም ነው። ሲያድግ አረንጓዴው አይጥመውም፣ ጎነ ጠፍጣፋ ይወዳል። ለምን አልጠየቅከኝም?»

«ሲያድግስ ምን ይሆናል ብዬ?»

«እንዴታ! ስንቱን ጠይቀህ እሷን ረሳሃት።»

ለብቻው የሚሆን ገንዳ ሰጥቶ መናኙን ተቀበለው።

ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ መጣች። ሻንጣ አልያዘችም። ማሽኗ ላይ ቁጭ ብላ የመንገዱ ብርሃን በውሃው አልፎ እጇ ላይ ሲያርፍ አየች፤ ክሩን በመጀመሪያው ሙከራ መርፌው ውስጥ አስገባች። ትንሽ ቆይታ ቀና ስትል በመስታወቱ ማዶ፣ የሰዓት መነጽር የሰካ አንድ ትልቅ ዓይን ፈጦ ያያታል።

«ጋሼ፣ አታፍጥብኝ! መርፌ ይወጋኛል።»

«እኔ ኤንጅሏን ነው የማየው።»

«ኤንጅሏ በገንዳው ሌላ ጥግ ላይ ናት።»